ፍቅር ምስክር አይሆንም
(ስለ ድምፃውያን በሚጻፉ መጻሕፍት ተአማኒነት ላይ የቀረበ ሙግት)

ስለ ድምፃውያን የሚጻፉ መጻሕፍት በርክተዋል። ይህ በራሱ ደግ ነገር ነው። ለብዙ ዘመን «አዝማሪ» እየተባለ በንቀት ዓይን ሲታይ የኖረ ሙያ፣ ዛሬ ታሪክ ይገባዋል ተብሎ በመጽሐፍ ሲከበር ማየት የኪነ ጥበብን ሰው ሁሉ የሚያስደስት ለውጥ ነው። ደስታው ግን አንደበታችንን ሊሸብበው አይገባም። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሰፈረው ነገር እውነት ስለ መሆኑ በምን እናውቃለን?

እስከ ዛሬ የምንመዝንበት ሚዛን የታወቀ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ከሆነ፣ ፎቶግራፍ ከበዛበት፣ ደራሲው የድምፃዊው ወዳጅ ወይም ዘመድ ከነበረ፣ በምረቃው ዕለት እንባ ከፈሰሰ፣ «ግሩም ሥራ ነው» ብለን እንፈርዳለን። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ካለ ምቀኛ ይባላል፤ ድምፃዊውም ካረፈ «ሙት ወቃሽ» የሚል ስም ይወጣለታል። በዚህ ዓይነት ሒስ ሳይወለድ ይቀበራል፤ ወሬም በሽፋን ተጠርዞ ታሪክ ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ስለ ከያኒ የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ ከውዳሴ የተለየ ነገር ነው፤ ምስክርነት ነው። ምስክርነትም የሚመዘነው በተናጋሪው የፍቅር ብዛት ሳይሆን፣ ነገሩን ከየት እንዳገኘው በማሳየቱ ነው። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ለጨዋታ አይደለም።

ጉዳዩን በአየር ላይ ላለመተው ሁለት ታላላቅ ድምፃውያንን ምሳሌ አደርጋለሁ፤ ጥላሁን ገሠሠንና ማሕሙድ አሕመድን። ሁለቱም ለወልቂጤና ለቡታጅራ አንባቢ ባዕድ አይደሉም። ጥላሁን ያደገባት ወሊሶ ወደ ወልቂጤ በሚወስደው በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች። ማሕሙድ በመርካቶ የተወለደ፣ ሕዝቡ በጉራጌ ልጅነቱ የሚኮራበት ድምፃዊ ነው። ስለ ሁለቱም ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተወርቷል። ዘከሪያ መሐመድ ስለ ጥላሁን የጻፈው መጽሐፍ ገና ከርዕሱ የሕይወት «ታሪክንና ምስጢርን» አጣምሮ ያቀርባል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፎቶግራፍ የተደገፈ የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ ጽፏል። በየጋዜጣው፣ በየሸክላውና በየሲዲው መሸፈኛ የሚወጣውን አጭር የሕይወት ታሪክ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ከዚህ በታች የማቀርበው መመዘኛ በአንዱ ላይ ብቻ የተሰነዘረ በትር አይደለም፤ ለሁሉም እኩል የሚዘረጋ ገመድ ነው።

ነገሩ እኛን ለምን ይመለከተናል?

የድምፃዊ የሕይወት ታሪክ መዝናኛ ስለሆነ ቢሳሳትም አይጎዳም የሚል ሰው አይታጣም። ይህ ከባድ ስሕተት ነው። አንድ ስለ ድምፃዊ የተጻፈ መጽሐፍ በታተመ በዓመቱ መምህሩ ለክፍል ንባብ ይጠቅሰዋል፤ የባህል ጽሕፈት ቤቱ ለዐውደ ርዕይ መግለጫ ይቀዳዋል፤ የኪነት ቡድኑ በመድረክ ጭውውት ያደርገዋል፤ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ያቆምበታል። ከዚያም ሌላ ጸሐፊ ይነሣና እነዚህን ሁሉ እንደ ማስረጃ ቆጥሮ ሁለተኛ መጽሐፍ ያሳትማል። አንዱ አፍ በአራት አፍ ሲናገር አራት ምስክር የተገኘ ይመስላል። ምስክሩ ግን ያው አንድ ነው፤ እርሱም ምናልባት ራሱ ከሌላ የሰማ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። የድምፃዊ መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያ የሚገለጠው ገጽ የትኛው እንደ ሆነ እናውቃለን፤ የትውልድ ሐረጉ ገጽ ነው። እናቱ ከየት ናቸው፣ አባቱ ከየት ናቸው፣ «የእኛ ነው» ወይስ «የእነርሱ»? የጥላሁን የእናቱና የአባቱ ወገን ስንት ጊዜ የክርክር ሜዳ እንደ ሆነ የሚረሳ የለም። በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነ፣ ሕዝብ ሁሉ በየራሱ ኀዘንና ደስታ የሰማው ሰው፣ እንደ ድንበር መሬት በገመድ ሲለካ ታይቷል። ማሕሙድንም በዚሁ ዓይን የሚያዩ፣ ከጉራጌ ቤቶች የትኛው እንደ ሆነ ካላወቁ ድምፁን መስማት የተሳናቸው የሚመስሉ አሉ። የወገን ፍቅር በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ወገንተኛው ጸሐፊ የፈለገውን ሐረግ ያለ ማስረጃ ሲጽፍ፣ እኛም ስለ ደስታችን ብለን ዝም ስንል ነው። ዛሬ በሚጥመን ላይ ዝም ካልን፣ ነገ በሚመረን ላይ ለመናገር ምን መብት ይኖረናል?

የቱሉ ቦሎ መንገድ

መመዘኛው ረቂቅ ፍልስፍና አይሻም። አንዳንዴ የመንገድ ርቀት ማወቅ ብቻ ይበቃል።

በሰፊው የሚነበበው የጥላሁን አጭር የሕይወት ታሪክ እንዲህ ይላል። ጥላሁን በወሊሶ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ይማር በነበረበት ጊዜ የሀገር ፍቅር ከያንያን ለትርኢት መጡ፤ ልጁም ልቡ ተነሥቶ ለአያቱ ሳይናገር ወደ አዲስ አበባ በእግሩ ጉዞ ጀመረ፤ አያቱም ተከታትለው የመንገዱን ግማሽ ከሄደ በኋላ ቱሉ ቦሎ ላይ ደረሱበት። ወደ ቤት ቢመለስም አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ፣ በጭነት መኪና ተደብቆ እንደ ገና ሄደ።

ታሪኩ ውብ ነው። ለቴአትር የተመቸ ነው፤ እኔም በሙያዬ ስለማውቀው እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲገኝ የጸሐፌ ተውኔት እጅ እንደሚበላው አልክድም። ነገር ግን ከወልቂጤ አዲስ አበባ የሚመላለስ ማንኛውም ሾፌር አንድ ነገር ይነግረናል። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ቱሉ ቦሎ ደግሞ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል። ስለዚህ ከወሊሶ ተነሥቶ ቱሉ ቦሎ የደረሰ ሰው የተጓዘው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የመንገዱ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ግማሽ ሊባል ከቶ አይችልም።

ይህን ያነሣሁት ልጁ አልተጓዘም ለማለት አይደለም። ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር በልጅ እግር ቀላል ነገር አይደለም፤ የታሪኩም ልብ ሊጸና ይችላል። ነጥቡ ሌላ ነው። በአፍ ስናወራ «መንገድ አጋምሶ» የምንለው ብዙ ርቆ ሄደ ለማለት ነው፤ ሰሚውም ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። ይኸው የአፍ ንግግር ወደ ማተሚያ ቤት ሲገባ ግን ቁጥር ይሆናል። ጸሐፊው ካርታ ቢዘረጋ፣ አራሚው ቢጠይቅ፣ አሳታሚው ቢያመሳክር ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይታረም ነበር። በአምስት ደቂቃ የሚጣራውን ያላጣራ ጽሑፍ፣ አምስት ዓመት ምርምር የሚጠይቀውን አጣርቷል ብለን እንዴት እንመን? ትንሹ ስሕተት የሚያስፈራው በትንሽነቱ አይደለም፤ የጸሐፊውን የሥራ ልማድ ስለሚያጋልጥ ነው።

የ1933 ዓመተ ምሕረት ሁለት ልደቶች

ሁለተኛው መመዘኛ የዘመን አቆጣጠር ነው። የጥላሁን ልደት መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው ተብሎ ይጻፋል። የማሕሙድ ልደት ደግሞ በውጭ አገር ጽሑፎች ሜይ 8 ቀን 1941 ይባላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ ሚያዝያ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሁለቱም በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት የተወለዱ፣ የሰባት ወር ገደማ ታላቅና ታናሽ ናቸው። የፈረንጁን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ግን አንዱን የ1940፣ ሌላውን የ1941 ሰው ያደርጋቸዋል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት እንደሚደመር የማያውቅ ደግሞ ጭራሽ ያዛባቸዋል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ድምፃዊው በአንድ ገጽ ዐሥራ አራት ዓመቱ፣ በሌላው ገጽ በዚያው ዓመት ዐሥራ ስድስት ሆኖ ከተገኘ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

አስተዋይ አንባቢ ከዚህም አልፎ ይጠይቃል። መስከረም 17 መስቀል ነው፤ ለጉራጌ አገር ሰው የመስቀል ዕለት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ሚያዝያ 30 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሦስት ቀን በኋላ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ባልነበረበት ዘመን እናቶቻችን የልጅን ልደት የሚያስታውሱት በበዓል፣ በጦርነት፣ በንጉሥ መግባትና መውጣት ነበር። ይህ ትዝታ የተከበረ ነው፤ ትክክለኛም ሊሆን ይችላል፤ ዕለቱ ወደ በዓሉ ተጠግቶ የተነገረ ሊሆንም ይችላል። ታማኝ መጽሐፍ ታዲያ «የክርስትና መዝገብ አይቼ ነው»፣ «እናቱ ነግረውኝ ነው»፣ «ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ወስጄ ነው» ይላል። ይህን የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከመቶ ገጽ ውዳሴ ይበልጣል። ቀኑን ብቻ ጽፎ ምንጩን የዋጠ መጽሐፍ ግን ወሬውን በቁጥር አስጊጦ አቅርቧል ማለት ነው።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ጥላሁን ተማሪ በነበረበት ዘመን ወሊሶ የሸዋ ጠቅላይ ግዛት የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ግዮን የሚል ስምም ነበራት። ዛሬ በኦሮሚያ ክልል የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን መቀመጫ ናት። ቡታጅራም በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ፣ ኋላም በጉራጌ ዞን ስትጠራ ቆይታ፣ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። አንድ ጸሐፊ የዛሬውን ክልል ወደ 1940ዎቹ ዓ.ም. ወስዶ ሲተክለው፣ ወይም «ጨቦና ጉራጌ» የሚለውን የአስተዳደር ስም ይዞ ድምፃዊውን ጉራጌ ሲያደርገው፣ ታሪክ መጻፉን ትቶ የዛሬን ሙግት በትናንት ልብስ ማልበስ ጀምሯል። ድንበር በየመንግሥቱ ይለወጣል፤ ልጁ የተጫወተበት ሜዳ ግን አንድ ነው። መጽሐፍ ያንን ሜዳ በጊዜው ስሙ መጥራት ካልቻለ፣ ስለ ልጁ የሚነግረንን ስንቀበል ጥንቃቄ ሊለየን አይገባም።

«ራሱ ነግሮኛል»

ደራሲዎቻችን ሲጠየቁ ወዲያው የሚያነሡት ጋሻ አለ፤ «ባለታሪኩ ራሱ ነግሮኛል» ይላሉ። ይህን ጋሻ ማንም ደፍሮ አይነካም። እኔ ግን እላለሁ፤ ባለታሪኩ የመጀመሪያው ምስክር ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም።

የማሕሙድን የመድረክ አጀማመር ተመልከቱ። በመርካቶ ሊስትሮ ሆኖ ኑሮን የጀመረ ወጣት፣ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚያዘወትሩት በአሪዞና ክለብ ልዩ ልዩ ሥራ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ድምፃውያኑ ሳይመጡ ቀሩ፤ እርሱም ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፤ ዘፈነ፤ ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ እስከ 1974 ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ቆየ። ይህን ከዐሥር በማያንሱ ቦታዎች አንብቤዋለሁ። በየቦታው የሚጨመርበት ቅመም ግን ይለያያል፤ አንዱ ጭብጨባውን ያረዝመዋል፣ ሌላው የአለቃውን ፊት ያጠቁረዋል፣ ሦስተኛው የዝናብ ሌሊት ያደርገዋል።

ነገሩ እውነት አይደለም አልልም። የምለው ይህን ነው፤ ያች ሌሊት በክለቡ ውስጥ ብቻውን አልነበረም። ከበሮ የመታ ነበር፣ ሳክስፎን የነፋ ነበር፣ ያልመጡት ድምፃውያንም ስም ነበራቸው። መጽሐፉ ከእነርሱ አንዱን ጠይቋል ወይ? የቅጥሩ ደብዳቤ ወይም የደመወዝ መዝገብ ተፈልጓል ወይ? ሰው ሕይወቱን ደጋግሞ ሲተርክ ትረካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ይለሰልሳል። ይህ ውሸታምነት አይደለም፤ የማስታወስ ጠባይ ነው። ድምፃዊ ደግሞ ሕይወቱን በየቃለ መጠይቁ ሲተርክ የሚኖር ሰው ነው። የለሰለሰውን መልሶ ሻካራ ማድረግ የጸሐፊው ድርሻ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሮበርት ጆንሰን የሚባል የብሉዝ ድምፃዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 እና በ1937 ሃያ ዘጠኝ ዘፈኖች ቀርጾ በ1938 በሃያ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ከሞተ በኋላ በመስቀለኛ መንገድ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ተማረ የሚል ተረት ተስፋፋ፤ መጻሕፍትም ተረቱን እየተቀባበሉ አተሙት። የተረቱን ጭጋግ መግፈፍ የጀመሩት ድምፃዊውን አብልጠው የወደዱት አልነበሩም፤ ሰነድ የፈለጉት ናቸው። ተመራማሪው ጌይል ዲን ዋርድሎ በ1968 የሞት ምስክር ወረቀቱን ከመዝገብ አወጣ። አንዲት ወረቀት የሠላሳ ዓመት ወሬ ያላደረገውን አደረገች፤ ሰውዬውን ከሰይጣን እጅ አውጥታ ለታሪክ መለሰችው። በዚህም የዘፈኖቹ ክብር አልቀነሰም።

የፈረንጅ መጽሐፍ

በሌላው ወገን ደግሞ የባሕር ማዶ ጽሑፍ ሁሉ የተጣራ ነው ብሎ የሚያምን አለ። ይህም ሌላ ዓይነት የዋህነት ነው።

ፋልሴቶ የሠራውን መካድ ውለታ ቢስነት ይሆናል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓሪስ በወጣው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አማካይነት ሊጠፉ የቀረቡ ሸክላዎች ዳግም ተሰሙ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. «አቢሲኒ ስዊንግ» በተባለው መጽሐፉ ማንም ያልሰበሰባቸውን ፎቶግራፎች አሰባሰበ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው የኬይ ካውፍማን ሸለመይ መጽሐፍም ከአገር የወጡ ሙዚቀኞቻችንን ሕይወት በምርምር ሥርዓት ተከታትሏል። ምንጭን በመጥቀስ ከእነዚህ የምንማረው ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ የውጭ አንባቢ ዘፈናችንን ያወቀበት ቀን ዘፈኑ የተወለደበት ቀን አይደለም። የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በካይፋ ሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ በቤልጅግ ክራመድ ዲስክስ ለአውሮፓ ያቀረበው በ1986 ነው። በመካከሉ ዐሥራ አንድ ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት በአገር ውስጥ ስንት ሰርግ፣ ስንት ቡና ቤት፣ ስንት የመርካቶ ካሴት ቤት ሰምቶታል! የ1986ን እትም መነሻ አድርጎ «ዓለም ያገኘው» እያለ የሚጽፍ መጽሐፍ እኛን አድማጭ እንዳልነበርን ይቆጥረናል። ከዚህ የሚያሳዝነው ደግሞ የእኛው ጸሐፊ ያንን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ፣ የጎረቤቱን ታሪክ በሦስተኛ ቋንቋ ሲነግረን ነው። ባለሸክላው፣ ባለካሴቱ፣ የባንዱ አባል በሕይወት እያሉ ከደጃቸው አልፎ ፓሪስን መጥቀስ የምርምር ምልክት አይደለም፤ የስንፍና ነው።

ዘፈንን እንደ ማስረጃ መጥቀስ

ስለ ድምፃውያን የሚጽፉ ሰዎች ከሁሉ የሚወዱት ዘዴ ዘፈኑን የሕይወቱ ማስረጃ ማድረግ ነው። ድምፃዊው ስለ መለየት ከዘፈነ ተለይቶ ነበር፤ ስለ ሆድ ባሻነት ከዘፈነ መንግሥትን ማማቱ ነበር። ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ስላለን ይህ ፈተና ለእኛ ይበረታል።

የጥላሁንን ታሪክ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ለይቶ መጻፍ አይቻልም። የሙከራው መሪ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ፤ ጥላሁንም የክብር ዘበኛ ድምፃዊ ነበርና ከሙከራው መክሸፍ በኋላ ታስሯል። ከዚህ በመነሣት ግን ከግርግሩ በፊት የዘፈናቸው የፍቅር ዘፈኖች ሁሉ ትንቢት እንደ ነበሩ አድርጎ መተርጎም ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ትርጓሜ ስናገኝ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ዘፈኑ በመድረክ መቼ ተሰማ? በሸክላ መቼ ተቀረጸ? ግጥሙን ማን ጻፈው? መድረክና ሸክላ ብዙ ጊዜ በዓመታት ይራራቃሉ፤ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲመሠርት በሸክላ ከታተመው መካከል ከዚያ በፊት በመድረክ የኖረ ዘፈን ነበረ። የሸክላውን ዓመት የዘፈኑ ልደት ያደረገ ጸሐፊ፣ ልጁን በተከተበበት ቀን ተወለደ እንደሚል ሰው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኔ ለገጣሚው የእንጀራም የክብርም ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን ድምፃዊው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዜመው ሌላ ሰው የጻፈውን ግጥም፣ ሌላ ሰው ያቀናበረውን ዜማ ነበር። የክብር ዘበኛው ሳህሌ ደጋጎ ያቀናበረው፣ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን በቴአትር ቤት ያሠለጠነው፣ ስማቸው ያልተመዘገበ ገጣሚዎች የጻፉት ሁሉ በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ሲሰምጥ፣ መጽሐፉ ሁለት ጊዜ ይዋሻል። የገጣሚውን ስሜት ለድምፃዊው ይሰጣል፤ የገጣሚውንም ስም ይቀማል። ስለዚህ የአንድን መጽሐፍ ታማኝነት ለመመዘን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሌሎችን ስም ፈልጉ። ባለታሪኩ ብቻውን የቆመበት መጽሐፍ ሐውልት ሊሆን ይችላል፤ ታሪክ ግን አይሆንም።

ስለ «ምስጢር»

የመጻሕፍት ገበያ «ምስጢር» የሚለውን ቃል ይወዳል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ጥላሁን በአንገቱ ላይ በስለት የደረሰበት ጉዳት ለዓመታት የወሬ እሳት ሆኖ ነድዷል፤ ሁሉም የራሱን ፍርድ ሰጥቷል፤ በሰው ስም ላይም ጭቃ ተለጥፏል። እዚህ ላይ የጸሐፊው ሕሊና ይፈተናል። ወንጀልን ወይም ነውርን በሰው ላይ የሚያሳርፍ ዐረፍተ ነገር ስለ ልደት ቀን ከሚነገረው እጅግ የጠነከረ ማስረጃ ይጠይቃል። «ይባላል»፣ «ውስጥ ዐዋቂዎች እንደሚሉት»፣ «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ» የሚሉ ቃላት በመንደር ወሬ እንኳ ያሳፍራሉ፤ በመጽሐፍ ሲሆኑ የሰው ስም ይገድላሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ከማተሚያ ቤት የወጣ ግን ከአፋፍም ያለፈ ነው፤ መልሶ የሚያገኘው የለም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ይህን ያህል ማጣራት ፍቅርን ይገድላል» ይባል ይሆናል። አይገድልም። ጥላሁን በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ያለቀሰው ሕዝብ፣ ቱሉ ቦሎ የመንገዱ ሲሶ መሆኑን በመስማቱ እንባውን አይመልስም። በ2017 ዓ.ም. ማሕሙድን ከመድረክ ያሰናበተ ታዳሚም የአሪዞናን ሌሊት በሁለተኛ ምስክር ብናጸናለት ይበልጥ ይደሰታል እንጂ አይቀየምም። ፍቅር የሚፈራው እውነትን ከሆነ ከመጀመሪያውም ለሰውየው አልነበረም፤ ለሥዕሉ ነበር።

«ደራሲው ድሀ ነው፤ ቤተ መዛግብት አይከፈትለትም፤ ገንዘብ የሚሰጠው የለም» የሚለው ተቃውሞ ግን እውነትነት አለው። መዝገብ ማየት የተከለከለ ጸሐፊ መዝገብ እንዲጠቅስ መጠየቅ ግፍ ነው። ቢሆንም ድህነት ምንጭን ከመናገር አያግድም። «ይህን የሰማሁት ከእገሌ ነው፤ ሌላ ምስክር አላገኘሁም» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ቀለም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጸሐፊ ቢሳሳት እንኳ ተከታዩ ያርመዋል፤ ምንጩን የደበቀው ግን ስሕተቱን ለዘላለም ይቆልፍበታል።

«ምሁራዊ ሥርዓት ለአገራችን ባዕድ ነው» የሚለውን ግን ከቶ አልቀበልም፤ በጉራጌ አገር ደግሞ ይህን የሚል ሰው ዙሪያውን አላየም። በየሳምንቱ ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ጸሐፊው ማን ከፈለ፣ ማን ወሰደ፣ ማን ቀረው የሚለውን ካልመዘገበ አንድ ቀን አያድርም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንገድ ለማሠራት ገንዘቡን ያዋጣው የጉራጌ ሕዝብ ያስገባው ብር የት እንደ ገባ ይጠይቅ ነበር። በጆካ ሸንጎ ፊት ነገር በምስክርና በመሐላ ይጣራል። ለብሩ ደረሰኝ የሚጠይቅ፣ ለከብቱ ምስክር የሚያቆም ሕዝብ ለታላላቅ ልጆቹ ሕይወት ግን የሰማውን ሁሉ ይቀበል ዘንድ ማን ፈረደበት? የታሪክ ጸሐፊ ከዕቁብ ጸሐፊ ያነሰ ጥንቃቄ ካለው፣ ባህላችን አላስተማረውም ማለት አንችልም፤ እርሱ አልተማረም እንጂ።

ከእኛ የሚጠበቀው

ለመምህሩ። ስለ ድምፃዊ የተጻፈ መጽሐፍ ወደ ክፍል ስታገቡ ተማሪዎቹን አጠቃልሉ ብቻ አትበሏቸው። አንድ ምዕራፍ ስጧቸውና በየዐረፍተ ነገሩ አጠገብ «ማን አየ? ማን ሰማ? በምን ተጻፈ?» ብለው እንዲያስታውሱ አድርጉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከዓመት ስብከት የበለጠ ይማራሉ። ካርታ አውጥተው ወሊሶንና ቱሉ ቦሎን ይለኩ፤ መስከረምንና ሚያዝያን ያስሉ።

ለባህል ሠራተኛውና ለካድሬው። ለዐውደ ርዕይ ወይም ለበዓል መግለጫ ከመጽሐፍ ስትቀዱ ምንጩን ጻፉ፤ ሐረግን ለፖለቲካ ክርክር ማገዶ አታድርጉ። በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በየገጠሩ የድሮ ኪነት ቡድኖች አባላት፣ ክራር ደርዳሪዎች፣ ካሴት ሻጮች፣ ሾፌሮች፣ ከመርካቶ የተመለሱ አዛውንት አሉ። ቀርጻችሁ አስቀምጡ፤ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ፣ የተናጋሪውንም ዕድሜ አያይዙ። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች በዚህ ቢሠማሩ የነገው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ባዶ እጁን አይመጣም።

ለከያኒው። በሕይወት ሳላችሁ ፎቶግራፋችሁን በጀርባው ቀንና ስም ጻፉበት፤ ግጥም የሰጧችሁን፣ ዜማ ያቀናበሩላችሁን ሰዎች ስም ዘርዝራችሁ አኑሩ። ሕይወታችሁን ሌላ ሰው ከመፍጠሩ በፊት ማስረጃውን እናንተው አስቀምጡ።

ለአሳታሚውም አንድ ቃል። አራሚ የቃል ግድፈት ብቻ አይልቀም፤ ቀንና ቦታ የሚያመሳክር ሰው ይቀጠር። በመጽሐፉ መጨረሻም ምስክሮቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ መቼና የት እንደ ተጠየቁ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይኑር። ያ ገጽ የሌለበትን መጽሐፍ ሽፋኑ ቢያምር፣ ፎቶግራፉ ቢበዛ፣ መግቢያውን የጻፈው ሰው ስመ ጥር ቢሆን እንደ ልብ ወለድ እናንብበው እንጂ፣ በታሪክ መደርደሪያ ላይ አናስቀምጠው። ቦታው ምስክሩን ይዞ ለሚመጣው ጸሐፊ ይቆይ።